ሽብሽብ ካናሪ ሲመረጥ የሚሠሩ ስህተቶች

ሱሉልታ፣ ከቤቴ ጓሮ ካናሪ የሚባለውን ትንሽ ዘማሪ ወፍ አረባለሁ፤ ሽብሽብ የሚባለው ላባው የሚጠቀለል ዓይነቱ ነው። ወፍ ይዘው የሚመጡ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ጥቅልሉን ያደንቃሉ፤ የጥቅልሉን ሥርዓት የሚያይ ግን ጥቂት ነው። ትልቁ ስህተት ይኸው ነው። የጀርባው ላባ እንደ ተፈረቀ ፀጉር መሐል ለመሐል ተከፍሎ ግራና ቀኝ እኩል መውረድ አለበት። የደረቱ ከሁለቱም ወገን ወደ መሐል ይሰበሰባል። የጎኑ ደግሞ ከጭን በላይ ተነሥቶ ክንፉን ወደ ላይ ያቅፋል። አንዱ ጎን ሞልቶ ሌላው ከሳሳ፣ ወፉ የቱንም ያህል ቢያምር በውድድር ነጥብ ያጣል። ስለዚህ ከፊትም ከላይም ሆነው ሳይመለከቱ አይግዙ።

ሁሉንም ዘር በአንድ ሚዛን መመዘንም አለ። የፓሪሱ ሽብሽብ ከ19 ሴንቲ ሜትር ማነስ የለበትም፤ ፊዮሪኖ ከ13 እንዲበልጥ አይፈለግም። አንዲት ወጣት ከለገጣፎ ጂበር ኢታሊከስ የተባለውን የጣሊያን ዘር ይዛ መጥታ «ጋሼ፣ ላባውን እየጨረሰ ነው፤ ምን ላድርገው?» አለችኝ። የደረት አጥንቱና ጭኑ ራቁቱን ነበር፤ እግሩን ገትሮ፣ እንደ 7 ቁጥር አንገቱን ሰብሮ ቆሟል። ጤነኛ ነው! ለሌላው ነውር የሆነው ራቁትነት ለእርሱ መስፈርቱ ነው።

ላባ ይበዛልኛል ብሎ የላባቸው ጫፍ ነጣ ያለ ሁለት ወፎችን ማጋባት ያሳዝነኛል። ጫጩቶቹ ላባቸው ከመጠን በላይ ወፍሮ ቆዳውን መብሳት ያቅተውና ከሥር እባጭ ይሆናል። አንደኛው ወፍ ቀለሙ እስከ ጫፍ የደረሰ ይሁን።

የአውሮፓን የቀን መቁጠሪያ እንዳለ መገልበጥም አይሠራም። እዚያ ወፉ በጸደይ ቀኑ ሲረዝም ይራባል፣ በሞቃቱ ወቅት መጨረሻ ላባ ይቀይራል፣ በብርዱ ወራት ይወዳደራል። እኛ ዘንድ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። የእያንዳንዱን ወፍ ላባ መቀየሪያ ወቅት በደብተር ይያዙ። የተሰበረ ላባ እስኪረግፍ አይተካም፤ ከሥሩ የተነቀለ ግን በ6 ሳምንት ገደማ ይመለሳል።

ኑግ አገራችን ሞልቷል ተብሎም አይጫን፤ ዘይታም ነው፣ የወፈረ ወፍ ቁመናው ይወድቃል።

መታጠቢያውን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይ ሲሞቅ ያስቀምጡ። በሱሉልታ ብርድ ከሰዓት በኋላ የታጠበ ወፍ እርጥብ እንደሆነ ያድራል፤ ሽብሽቡም ተጣብቆ ይነጋል።