የጃፓናዊ ጎልፍ ተጫዋችን የሙያ መዝገብ እንዴት እናንብብ? ሂዴኪ ማትሱያማን እንደ ምሳሌ

ስለ አንድ ጃፓናዊ ፕሮፌሽናል ጎልፍ ተጫዋች «ይህን ያህል ጊዜ አሸንፏል» የሚል ነገር ስታነቡ በቅድሚያ «በየትኛው ቱር?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ቱር ማለት በዓመቱ ውስጥ ተከታትለው የሚካሄዱ የፕሮፌሽናል ውድድሮች ስብስብ ነው። የጃፓን ቱር ሽልማቱን በየን ይከፍላል፤ የራሱ የገንዘብ ሰንጠረዥና የራሱ መብቶችም አሉት። የአሜሪካው ፒጂኤ ቱር ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ስህተቱ የሚጀምረው ሁለቱን ቀላቅሎ ከመደመር ነው።

ስለዚህ አንድ ወረቀት በአራት አምድ ክፈሉ፦ አማተር፣ የጃፓን ቱር፣ ፒጂኤ ቱር፣ ከቱር ውጭ። ለእያንዳንዱ ድል የተጠናቀቀበትን ቀን፣ የውድድሩን ስም፣ ሜዳውን፣ ጠቅላላ ምቱንና ከሁለተኛው የነበረውን ልዩነት ጻፉ። በመለያ ጨዋታ የተገኘ ድል ከሆነ በልዩነቱ ቦታ «መለያ» በሉ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይሁኑ።

ስሙን በጥንቃቄ መዝግቡ። በጃፓን የቤተሰብ ስም ይቀድማል፤ በእንግሊዝኛ የውጤት ሰንጠረዥ ግን ብዙውን ጊዜ ይገለበጣል። «ኦዛኪ» ብቻ ብላችሁ ከጻፋችሁ ሦስት ወንድማማቾች ይደባለቁባችኋል፦ ጃምቦ የሚባለው ማሳሺ፣ ጄት የሚባለው ታቴኦ እና ጆ የሚባለው ናኦሚቺ። በማትሱያማም ላይ ሌላ መደናገር አለ፤ የተወለደባት ከተማ፣ በሺኮኩ ደሴት ያለችው የኤሂሜዋ ማትሱያማ፣ ከቤተሰቡ ስም ጋር አንድ ናት። የተወለደው ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1992 ነው።

የአማተሩን አምድ አትዝለሉት። ማትሱያማ በሰንዳይ የቶሆኩ ፉኩሺ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ የእስያ ፓሲፊክ አማተር ሻምፒዮናን በ2010 እና በ2011 አሸነፈ። ለዚህ ውድድር አሸናፊ በአሜሪካ ኦገስታ የሚካሄደው የማስተርስ ግብዣ ይደርሰዋል፤ ማስተርስ ሜጀር ከሚባሉት አራቱ ታላላቅ የወንዶች ውድድሮች አንዱ ነው። እሱም በኤፕሪል 2011 ኦገስታ ላይ ከአማተሮቹ ሁሉ የተሻለውን ውጤት አስመዘገበ። በኖቬምበር የጃፓን ቱር ውድድር የሆነውን ታይሄዮ ማስተርስ አማተር ሆኖ ወሰደ። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ነው። ድሉ በጃፓን ቱር የድል ቁጥር ውስጥ ይገባል፤ ገንዘቡ ግን አይገባም፣ ምክንያቱም አማተር ሽልማቱን ስለማይወስድ የአንደኛው ድርሻ ወደ ቀጣዩ ፕሮፌሽናል ያልፋል። ድሎችን በገንዘብ ሰንጠረዥ ብቻ የሚቆጥር ሰው ይህቺን ዋንጫ ያጣታል። በ2007 በ15 ዓመቱ ያሸነፈውን ሪዮ ኢሺካዋን፣ በ2019 ታኩሚ ካናያን፣ በ2021 ኬይታ ናካጂማን ስትመዘግቡም ያው ነው። በ2022 ጃፓን ኦፕንን ያሸነፈው ታይጋ ሴሚካዋም ያኔ አማተር ነበር።

ፕሮፌሽናል የሆነበትን ወር በአምዶቹ መካከል በደማቅ መስመር አስምሩ። የማትሱያማ ኤፕሪል 2013 ነው። በዚያው ዓመት ከ200 ሚሊዮን የን በላይ አግኝቶ የጃፓን ቱርን የገንዘብ ሰንጠረዥ መራ፤ ጀማሪ ተጫዋች ይህን ሲያደርግ የመጀመሪያው ነበር። የተለያየ ዘመን ተጫዋቾችን ስታወዳድሩ የየን ድምሩን ተዉትና በሰንጠረዡ ስንተኛ እንደወጡ ተመልከቱ። የሽልማቱ መጠንም የየን ዋጋም ከዓመት ዓመት ይለዋወጣልና ድምሩ አዲሱን ሁልጊዜ ትልቅ ያስመስለዋል። የጃፓን ቱር 2020ን እና 2021ን አንድ ወቅት አድርጎ ስላጣመረም የዚያን ጊዜ ድምር ከአንድ ዓመት ድምር ጋር ማነጻጸር ፍትሐዊ አይደለም።

ፒጂኤ ቱር ላይ የሚያስቸግረው የወቅት አሰያየሙ ነው። ከ2013 መጸው እስከ 2023 ድረስ ወቅቱ በኦክቶበር አካባቢ ይጀምርና በቀጣዩ ዓመት ያበቃ ነበር። በዚህ ምክንያት ማትሱያማ በኦክቶበር 2016 ሻንጋይ ላይ በ7 ምት ልዩነት ያሸነፈው የኤችኤስቢሲ ውድድር የ2017 ወቅት ድል ሆኖ ይቆጠራል፤ በኦክቶበር 2021 ናራሺኖ ላይ ያገኘው የዞዞ ዋንጫም የ2022 ነው። ሁልጊዜ ቀኑን ጻፉ፣ ወቅቱን ከጎኑ አክሉ። አለዚያ አንዱ ድል ሁለቴ ይቆጠራል ወይም ይጠፋል። የጊዜ ልዩነትም አለ፦ የ2021 ማስተርስ ኦገስታ ላይ የተጠናቀቀው ኤፕሪል 11 ሲሆን በጃፓን ግን 12 ጠዋት ነበር። የሜዳውን ቀን ያዙ።

አራቱ አምዶች ለምን እንደሚያስፈልጉ ከ2016 መጸው በላይ የሚያሳይ የለም። ማትሱያማ በኦክቶበር ጃፓን ኦፕንን አሸነፈ፤ ቀጥሎ በማሌዥያው ሲአይኤምቢ ክላሲክ ሁለተኛ ወጣ፤ ሻንጋይን ወሰደ፤ በኖቬምበር ታይሄዮ ማስተርስን፣ በዲሴምበር ደግሞ ባሃማስ ላይ ሂሮ ወርልድ ቻሌንጅን አሸነፈ። ከአምስት ውድድር አራት ድል ማለት ነው። የፒጂኤ ቱርን መዝገብ ብቻ የከፈተ ሰው ግን የሚያየው አንድ ድል ነው፦ ሁለቱ በጃፓን ተመዝግበዋል፣ የባሃማሱ ደግሞ በቱሩ ይፋ ድሎች ውስጥ አይቆጠርም። በሥራ ዘመኑ ካሉት ምርጥ ወራት አንዱ የሚታየው አምዶቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ብቻ ነው።

ከዚያ ክፍተቶቹን ፈልጉ። የማትሱያማ ፒጂኤ ቱር ድሎች ከኦገስት 2017 እስከ ኤፕሪል 2021 ባዶ ናቸው። ባዶ አምድ ውድቀት ነው ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት በየዓመቱ 30 ተጫዋቾች ብቻ የሚደርሱበትን ቱር ሻምፒዮንሺፕ ተመልከቱ፤ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ደርሶበታል። በ2018 መጀመሪያ ላይ የአውራ ጣት ጉዳትም ነበረበት። ዋንጫ የለም ማለት ጨዋታ የለም ማለት አይደለም፤ ይህን የሚያሳይ አንድ ዓምድ ተጨማሪ ቢኖራችሁ መልካም ነው።

ትልቁን ድል በዙር ከፋፍላችሁ ጻፉ። ማስተርስ 2021፦ 69፣ 71፣ 65፣ 73፣ ድምር 278፣ ከፓር (ከተመደበው የምት ብዛት) 10 በታች፣ ልዩነት 1 ምት። «በ1 ምት አሸነፈ» የሚለው ብቻውን ያሳስታል፤ የመጨረሻውን ቀን የጀመረው በ4 ምት መሪነት ነበርና። 15ኛው ጉድጓድ ላይ ሁለተኛ ምቱ ግሪኑን (ጉድጓዱ ያለበትን አጭር ሣር) አልፎ ውሃ ገባ፣ ቦጊ (ከፓር አንድ ምት በላይ) ሆነ። የቅርብ ተፎካካሪው ዛንደር ሾፈሌ ግን 16ኛው ላይ ኳሱን ውሃ ከትቶ ጉድጓዱን ከፓር ሦስት ምት በላይ ጨረሰ። የመጨረሻው ልዩነት የተገኘው 18ኛው ላይ ከተመዘገበ ሌላ ቦጊ በኋላ ነው። ለጃፓን ወንዶች የመጀመሪያው ሜጀር ነው ስትሉም «ወንዶች» የሚለው ቃል አይቅር፤ ሂሳኮ ሂጉቺ በ1977 የኤልፒጂኤ ሻምፒዮንሺፕን አሸንፋለች፣ ሂናኮ ሺቡኖም በ2019 የብሪታንያን የሴቶች ኦፕን።

ኦሊምፒክ ከቱር ውጭ ባለው አምድ ይገባል። ማትሱያማ በቶኪዮ ጨዋታ ለነሐስ በመለያ ጨዋታ ከተፎካከሩት ሰባት ተጫዋቾች አንዱ ሆኖ ሳይሳካለት ቀረ፤ በ2024 ፓሪስ ላይ ነሐሱን አገኘ።

ትውልድ ከትውልድ ስታወዳድሩ በሜጀር ብቻ አትፍረዱ። ኢሳኦ አኦኪ በ1983 የሃዋይ ኦፕንን የመጨረሻ ጉድጓድ ከ128 ያርድ በአንድ ምት ከትቶ በፒጂኤ ቱር ያሸነፈ የመጀመሪያው ጃፓናዊ ሆነ፤ በሀገሩ ቱር ደግሞ 51 ድል አለው። ጃምቦ ኦዛኪ ሜጀር የለውም፣ ግን የጃፓን ቱር ድሉ 94 ነው። አንዳንድ ቦታ ከ100 የሚበልጥ ቁጥር ብታገኙ አትደንግጡ፤ ቱሩ በ1973 ከመቋቋሙ በፊት የነበሩትና ሌሎች ድሎች ተጨምረውበት ነው። በሀገር ቱር 25 ድል የዕድሜ ልክ የመሳተፍ መብት ያስገኛል፤ ስለዚህ ያ ቁጥር ከማንኛውም ድምር በላይ ምልክት ሊደረግበት ይገባል።

የዓለም ደረጃን በመጨረሻ ጨምሩ። ደረጃው ያለፉትን ሁለት ዓመታት ነጥብ ያሰላል፦ ነጥቦቹ ከተገኙ በኋላ ለመጀመሪያዎቹ 13 ሳምንታት ሙሉ ዋጋ አላቸው፣ ከዚያ በኋላ ዋጋቸው በየሳምንቱ ይቀንሳል፤ ድምሩም ለተጫወተበት ውድድር ብዛት ይካፈላል፣ አካፋዩ ከ40 አያንስም። ማትሱያማ በጁን 2017 ሁለተኛ ደርሷል። ከኦገስት 2022 ጀምሮ ስሌቱ በመቀየሩ የጃፓን ቱር ድል የሚያስገኘው ነጥብ አንሷል፤ ስለዚህ በሀገር ውስጥ ብቻ የሚጫወትን ሰው የ2021 ደረጃ ከ2023ቱ ጋር ስታነጻጽሩ፣ ቁልቁል ስለወረደ ብቻ ጨዋታው ተበላሽቷል አትበሉ።