ለጫጉላ ዛንዚባር ለምታስቡ የጅማ ጥንዶች

እዚህ ጅማ ለጫጉላ ሽርሽር የታንዛኒያዋን ደሴት ዛንዚባርን የምታስቡ ካላችሁ፣ ለሪዞርቱ ከመክፈላችሁ በፊት ደሴቱ ላይ በየት በኩል እንዳለ እዩ። በምሥራቅ በኩል፣ እነ ፓጄና ጃምቢያኒ፣ ባህሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ያ በፎቶ ያያችሁት ሰማያዊ ውሃ ርቆ ይሄድና የባህር አረም ያለበት እርጥብ አሸዋ ይቀራል፤ እሾሃሙ የባህር ጃርትም ስላለ በባዶ እግር መሄድ አይታሰብም። ለእግር ጉዞ ግን በጣም ያምራል። ዋና ከፈለጋችሁ ሰሜኑ ይሻላል፣ ኑንግዊና ኬንድዋ ውሃው ያን ያህል አይርቅም።

ኦል ኢንክሉሲቭ (ምግብና መጠጡን ከክፍሉ ጋር በአንድ ዋጋ የሚይዘው) ፓኬጁ ውስጥ ምን እንዳለም በጽሑፍ አስመልሱ። የታሸገ ውሃ? ከውጭ የሚገባ መጠጥ? የጀልባ ሽርሽር? በተለይ ከኤርፖርት የሚወስዳችሁን መኪና አጥብቃችሁ ጠይቁ፣ እስከ ሰሜኑ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው፣ በማታ ደርሶ ከታክሲ ጋር መከራከር ደግሞ ያደክማል።

ሌላው፣ ከፈረንጆቹ ኦክቶበር 2024 ጀምሮ ደሴቱ ለውጭ እንግዳ ግድ ያደረገችው የ44 ዶላር ኢንሹራንስ አለ። በሰው ነው፤ ለሁለት አስቡት። የቢጫ ወባ ካርድም ያዙ። ታንዛኒያ ፌስታል ክልክል ስለሆነ ጫማችሁን በጨርቅ ከረጢት አድርጉት።