የልጅ ወሬ ሳይጠፋ የሚቀመጥበት ዘዴ

ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ታክሲ ውስጥ የሚያወራው አስቂኝ ነገር ማታ ላይ ግማሹ ይረሳል። ጠዋት የሚቀረው እርስዎ ያስተካከሉት ነው። ስለዚህ ባለ 50 ሉክ ደብተር ከነእስክሪብቶው ፍሪጁ አጠገብ ይስቀሉ፤ እራት ሳይቀርብ ይጻፉ። ሁለት መስመር ይበቃል።

ቃሉን አያርሙ። «እማዬ፣ 6 ኪሎ ከ4 ኪሎ በ2 ኪሎ ይከብዳል?» ካለ እንዳለ ይስፈር። ቀኑንና ክፍሉን አይርሱ፤ ጥያቄው መቀነስ በተማረበት ሳምንት መምጣቱ የሚታወቀው በዚህ ነው፣ የሚያኮራውም እሱ ነው።

ስልክ ላይ ብቻ አይመኑ፤ ይሰረቃል፣ ይበላሻል። ከሁሉ የከፋው ግን እንግዳ ፊት «እስቲ ድገመው» ማለት ነው፦ ወይ አፍሮ ዝም ይላል፣ ወይ ለማሳቅ ብሎ መቀባጠር ይጀምራል።