ከቁራሌው ጆንያ የወጣ አያ ጅቦ

ቅዳሜ ጠዋት «ቁራሌው!» የሚለው ድምፅ ሲሰማ ደረጃውን ወርጄ የምደርሰው ከልጄ ቀድሜ ነው። የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጆንያው ውስጥ ባዶ ጠርሙስ፣ የተቀደደ ጫማ፣ የተሰበረ ሬዲዮ አለ። አንዳንዴ ደግሞ ከአረብ አገር በሻንጣ መጥቶ፣ ልጆች ተጫውተው የጠገቡት ጡንቻማ አሻንጉሊት ይወጣል። በቀደም አንድ አገኘሁ። ፊቱ ተቦጭቋል፣ አንድ እግሩ ተንጠልጥሏል። 40 ብር ከፍዬ ወሰድኩት። አሁን አያ ጅቦ ሆኗል። እንዴት እንደሠራሁት ልንገራችሁ።

እኔ የካርቱን ፊልሙን ጡንቻማ ጀግና ሂ-ማንን ያወቅኩት ልጅ ሆኜ ጎረቤት ቤት፣ በቪዲዮ ካሴት ነው። ፊቱ አጥንት የሆነውን ጠላቱን ስኬሌተርን እፈራው ነበር፣ ግን ዓይኔን ከእሱ አልነቅልም። አሻንጉሊቱን በእጄ የነካሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ አንድ ነገር ገባኝ። ማቴል የሚባለው የአሜሪካ አሻንጉሊት አምራች እ.ኤ.አ. በ1982 እነዚህን አሻንጉሊቶች ማውጣት ሲጀምር ለእያንዳንዱ አዲስ አካል አልቀረጸም። ያንኑ ደረት፣ ያንኑ ክንድና እግር እየደጋገመ ጭንቅላቱን፣ ቀለሙንና ትጥቁን ይቀይር ነበር። ፌከር የሚባለው ራሱ ሂ-ማን ነው፤ ቆዳው ሰማያዊ፣ ፀጉሩ ብርቱካንማ ሆኖ የስኬሌተር ዓይነት የደረት ትጥቅ ለበሰ። ሂ-ማን የሚጋልበው ባትል ካት እንኳ ቅርጹ የተወሰደው ቀድሞ ቢግ ጂም ለሚባል አሻንጉሊት ከተሠራ ነብር ነው። እና እኛም የአንዱን አካል ይዘን ሌላ ፍጥረት ብናወጣ ከባለቤቶቹ የተማርነውን ነው የምንሠራው።

ለምን ጅብ? ልጄ ከተረት ሁሉ አያ ጅቦን ትወዳለች። ሰፈራችን ጫፍ ላይ ስለሆነ ሌሊት ሲጮህም ትሰማዋለች። ሥራውን ስጀምር አጠገቤ ቆማ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦ «አባዬ፣ እጁን ያነሳል?» ከዚያ በኋላ የወሰንኩት ነገር ሁሉ ከዚህ ጥያቄ የመጣ ነው። እጁን ካላነሳ፣ ካልተቀመጠ፣ ምንጣፍ ላይ ሲወድቅ ቀለሙ ከተላጠ ለልጅ ምን ያደርግላታል?

መጀመሪያ ፕላስቲኩን እወቁት። ከማይታይ ቦታ በምላጭ ስስ ፍቅፋቂ አንሱና ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ክተቱት። ውሃው ላይ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩ፤ ያለ ሳሙና ቀላል ፍቅፋቂ በከንቱ ሊንሳፈፍ ይችላል። ከሰመጠ ጥሩ ነው፤ ኤቢኤስ ወይም ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ስለሆነ ሙጫም ቀለምም ይይዛል። ከተንሳፈፈ ግን ጀሪካን ከሚሠራበት ዓይነት ነው። በላዩ የቀባችሁት ሁሉ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል። እሱን በራሱ ቀለም ተውት።

ቀጥሎ በለብታ ውሃና በሳሙና፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠቡት። የልጅ እጅ ወዝ ከቀለም ጠላቶች ሁሉ የመጀመሪያው ነው። አሴቶን ግን አታስጠጉ። ኤቢኤስን ያቀልጠዋል፣ ጡንቻውም ማስቲካ ይሆናል።

ጭንቅላቱ ብዙ ጊዜ ለስላሳ ፒቪሲ ነው። በጉልበት ብትነቅሉት አንገቱ ይሰበራል። በአሮጌ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውሃ አፍሉና ጭንቅላቱን ብቻ ለሁለት ደቂቃ ንከሩት። የአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ከዚያ በጨርቅ ይዛችሁ እየወዘወዛችሁ ሳቡት። ሲገባም እንደዚያው ነው፤ አሙቃችሁ።

አሁን ወደምወደው ሥራ ደረስን። አፍንጫውን በከተር ቆርጬ ጣልኩና የቀረውን ፊት በብርጭቆ ወረቀት አሻከርኩት። ሳኒተሪ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች የሚያፈስ ቧንቧ የሚደፈንበት፣ በእጅ የሚቦካ ባለ ሁለት ክፍል ኤፖክሲ አላቸው። ጓንት አድርጋችሁ ቀለሙ አንድ ዓይነት እስኪሆን እሹት። ቶሎ ስለሚደርቅ የሽምብራ ፍሬ እያከላችሁ ብቻ አቡኩ። መጀመሪያ ወፍራም መንጋጋ፣ ከዚያ አጠር ያለ አፍ፣ ከዚያ የአንገት ጡንቻ። ጣታችሁን ውሃ ብታስነኩት አይጣበቅባችሁም። ጥርሱን በመርፌ ጫፍ አወጣሁት። ሲደርቅ ስትፈገፍጉት ውሃ አርከፍክፉበት፣ ማስክም አድርጉ፤ ብናኙ ለሳንባ አይሆንም።

ጆሮው ላይ ብዙ ቆየሁ። የመጀመሪያውን ሹል አድርጌ ሠራሁትና ልጄ አይታ «ይሄ ውሻ ነው» አለች። ልክ ነበረች። በየሰፈራችን ሌሊት የሚዞረው ባለ ነጠብጣቡ ጅብ ጆሮው ክብ ነው። ሲም ካርድ ተነቅሎ ከሚቀረው ፕላስቲክ ሁለት ክብ ቆረጥኩ። በሻማ አጠገብ ትንሽ አሙቄ ጎድጎድ አደረግኳቸው። በሱፐር ግሉ ለጥፌ ሥሩ ላይ ቤኪንግ ሶዳ ነሰነስኩ። ወዲያው ድንጋይ ይሆናል። ሲጠነክር ይሞቃል፣ ጭስም አለው፤ መስኮት ክፈቱ።

ቀለም ከመንካታችሁ በፊት መጋጠሚያዎቹን አንቀሳቅሱ። ትከሻውን አዙሩ፣ ወገቡን ጠምዝዙ። የሚፋተግበት ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ያን ቦታ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ፈግፍጉት፤ ቀለም የሚቀመጥበት ክፍተት ይኖረዋል። የመጋጠሚያውን ውስጥ ጭራሽ አትቀቡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። አሻንጉሊቱ ፎቶ ላይ ያምራል፣ ልጅ አንዴ ስታዞረው ይላጣል።

ለቀለም በውሃ የሚቀጥነውን አክሪሊክ ተጠቀሙ። ድሮ አንዱን ጭንቅላት በዘይት ቀለም ስፕሬይ ቀባሁትና ለወራት እንደተጣበቀ ቀረ፤ ለስላሳ ፒቪሲ ከእንዲህ ዓይነቱ ቀለም ጋር አይስማማም። አክሪሊኩን ወተት እስኪመስል አቅጥኑት። አራት ስስ ቅብ ከአንድ ወፍራም ይሻላል። ለጅቡ ቢጫ፣ ነጭና ትንሽ ጥቁር ቀላቅዬ የደረቀ ሣር የሚመስል መልክ አገኘሁ። ከላይ በጣም የቀጠነ ቡናማ አፍስሼ ወዲያው በጨርቅ ጠረግኩት። ቡናማው ጡንቻው ስንጥቅ ውስጥ ብቻ ቀረ፤ ደረቱ በአንድ ጊዜ ነፍስ ዘራ። ነጠብጣቡን በክብሪት እንጨት ጫፍ ጠቅ ጠቅ አደረግኩ። ለዓይኑ መጀመሪያ ጥቁር፣ በላዩ ቢጫ፣ መጨረሻ ላይ በመርፌ አንዲት ነጭ ነጥብ። ነጥቧ በሁለቱም ዓይን በአንድ በኩል ትሁን፤ አለዚያ ዓይኑ ይንሸዋረራል።

በጋ ላይ እኛ ሰፈር አቧራው ከባድ ነው። ቀለሙ እስኪደርቅ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ቂጡን ቆርጣችሁ እንደ ደወል ድፉበት፣ ክዳኑን ክፈቱት። ክረምት ላይ ደግሞ ማት ቫርኒሽ (ቀለሙን የሚጠብቅ፣ የማያብረቀርቅ ሽፋን) ስፕሬይ አትንፉ። እርጥበቱ ነጭ ጉም ያለብሰዋል።

ለጋማው እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ሞስ ማን የሚባል የማቴል አሻንጉሊት ትዝ አለኝ። እሱ ቢስት ማን በሚባለው ሌላ አሻንጉሊት አካል ላይ ብናኝ ፀጉር ተነስንሶበት የተሠራ ነው። እኔም ቡናማ የሱፍ ክር በመቀስ አድቅቄ፣ ከማጅራቱ እስከ ጀርባው ነጭ ኮላ ቀብቼ ነሰነስኩበት። ጋሻው በመዶሻ የተደበደበ የቢራ ቆርኪ፣ ጦሩ የተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ ነው። የሽቦውን ጫፍ ዱልዱም አድርጉት፤ ልጅ ዓይን አጠገብ የሚውል ነገር ነው። ሦስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ያለበት ቤት ጋሻና ጦሩን ተዉት፣ ወደ አፉ ያስገባዋል።

እግሩ ቀረ። ውስጥ ሁለቱን እግር የሚይዘው ላስቲክ በስብሶ ነበር። ታች አስፋልቱ ዳር ያለው ጎሚስታ ጋ ሄጄ ለምን እንደምፈልገው ነገርኩት። «ለልጅ ከሆነማ ውሰደው ወንድሜ» አለና የተጣለ ካላማዳሪያ ቆርጦ ሰጠኝ፣ ገንዘብም አልተቀበለኝም። አምስት ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ አዘጋጀሁ። በሁለቱም ጫፍ ቀዳዳ አበጀሁ። በቀጭን ሽቦ በዳሌው አሳልፌ፣ በወረንጦ ይዤ ከሁለቱ እግሮች መንጠቆ ጋር አያያዝኩት። ሲለቀቅ እግሩ ጠቅ ብሎ ቦታው ገባ። አሁን ይቀመጣል፣ ይቆማል፣ ይራገጣል።

ሦስት ቀን ደረቀና ለልጄ ሰጠኋት። መጀመሪያ ያደረገችው እጁን ማንሳት ነው። ሳምንት ሳይሞላ ቀኝ ብብቱ ላይ ቀለሙ ተላጠ፤ እዚያ በደንብ አልፈገፈግኩም ነበር። ከቀላቀልኩት ቀለም ትንሽ የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ አስቀርቼ ስለነበር ቦታውን ፈግፍጌ በዚያው መልክ መልሼ ቀባሁት። ያንኑ ቀለም ሁለተኛ ቀላቅሎ ማግኘት ስለማይቻል እናንተም ብልቃጥ አዘጋጁ።