ቀርጤስ ከሄዳችሁ ጫማችሁን አስቡበት

ለእረፍት ወደ ግሪኳ ደሴት ቀርጤስ የምትሄዱ ሰዎች፣ ባሕር ዳር ተጋድማችሁ ብቻ እንዳትመለሱ። አንዱን ቀን ለሰማርያ ሸለቆ ስጡት። (ስሙ ከመጽሐፍ ቅዱሷ ሰማርያ የመጣ አይደለም። በሸለቆው ውስጥ ካለችው የማርያም ግብፃዊት ቤተ ክርስቲያን ነው ይባላል።)

መንገዱ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ1,200 ሜትር ከፍታ ተነስታችሁ እስከ ባሕሩ ትወርዳላችሁ። «ቁልቁለት ነው፣ ምን አለው» እንዳትሉ። እኔም እንደዚያ ብዬ በስስ ስኒከር ገባሁ። ጠጠሩ እየተንከባለለ፣ ጣቶቼ የጫማውን ጫፍ ሲደበድቡ ዋሉ። የአውራ ጣቴ ጥፍር ጠቁሮ ወር ሙሉ አብሮኝ ከረመ። ስለዚህ ሶሉ ወፍራም የሆነ፣ እግራችሁ የለመደው ጫማ አድርጉ። ጥፍራችሁንም ከዋዜማው ቁረጡ።

ውኃ ተሸክማችሁ አትልፉ። በየመሐሉ ምንጭ ስላለ አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዞ እየሞሉ መሄድ ነው።

ትልቁ ነገር ግን መመለሻው ነው። መጨረሻ ላይ የምትደርሱባት አጊያ ሩሜሊ የመኪና መንገድ የላትም፤ የሚወጣው በጀልባ ነው። የተከራያችሁትን መኪና ተራራው ላይ አቁማችሁ ከወረዳችሁ ጉዳችሁ ፈላ። ከሃኒያ ከተማ በማለዳው አውቶቡስ ሂዱ። የመጨረሻው ጀልባ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ሳትጠይቁም አትግቡ። ሸለቆው የሚከፈተው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሙቀቱ አይቻልም፣ መስከረም ይሻላል።