ሻምበላችሁን ለሰፕላይ ኤክሰለንስ አዋርድ እንዴት ታዘጋጃላችሁ?

ስንቅና ትጥቅ ክፍል ስሙ የሚነሳው ዕቃ ሲጠፋ ነው። ጄኔሬተሩ በሰዓቱ ደርሶ፣ ቦቱ በልኩ መጥቶ «ሰፕላዮች ጎበዝ ናቸው» ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። የአሜሪካ ምድር ጦር ግን ይህን ሥራ ለብቻው አወዳድሮ የሚሸልምበት ፕሮግራም አለው። ሰፕላይ ኤክሰለንስ አዋርድ ይባላል። የሚሰጠው በምድር ጦሩ ኤታማዦር ሹም ስም ነው፤ ከጥገናና ከስምሪት ሽልማቶች ጋር ተጠቃልሎ ይካሄዳል። መደበኛው ጦር፣ ናሽናል ጋርድና ሪዘርቭ በየራሳቸው ምድብ ይወዳደራሉ።

ይህን የምጽፈው በተለይ 92ዋይ (የሰፕላይ ሙያ መለያው ነው) ሆነው ሻምበል ውስጥ ሰፕላይ ለሚሠሩ የአገሬ ልጆች ነው። ሌላውም ቢያነበው አይከፋም። አገር ቤት መንግሥት መሥሪያ ቤት ሠርቶ ሞዴል 19ን እና ሞዴል 22ን የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ቅጹ ይለያያል እንጂ ፈርሞ መቀበልና ፈርሞ ማስረከብ የትም አንድ ነው።

መጀመሪያ አዛዡን ያዙ

ለሻምበሉ ንብረት በሙሉ የፈረመው አዛዡ ነው። እሱ ካልፈለገ ውድድሩን እርሱት። ከፈለገ ደግሞ ጊዜውን ምረጡ። በእኔ አስተያየት ከአዛዥ ርክክብ በኋላ እንደመጀመር የሚቀል የለም። አዲሱ አዛዥ ከመፈረሙ በፊት ለቆጠራ 30 ቀን ይሰጠዋል። በዚያ ወር ሣጥኑ ሁሉ ይከፈታል፣ የተደበቀው ሁሉ ይወጣል። ያን ድካም አባክናችሁ ከዓመት በኋላ እንደገና ከዜሮ አትጀምሩ።

መመዘኛውን ራሳችሁ አውርዱ

ገምጋሚዎች ከኪሳቸው የሚያወጡት ጥያቄ የለም። መሠረቱ የንብረት ዲሲፕሊን ፕሮግራሙ ነው። ደንቦቹም ኤአር 710-4 እና ኤአር 735-5 ናቸው። የመጀመሪያው ንብረት እንዴት እንደሚያዝ ይነግራል፤ ሁለተኛው ሲጠፋ ወይም ሲበላሽ ማን እንደሚጠየቅ።

ከጎረቤት ሻምበል «ያሸነፍንበት ነው» ተብሎ የሚሰጣችሁን ባለ ብዙ ቀለም ማህደር በምስጋና ተቀበሉና መደርደሪያ ላይ አስቀምጡት። ደንብ ይቀየራል፤ ማህደሩ አይቀየርም። በተሻረ ደንብ ተዘጋጅቶ የቀረበ ክፍል አይቻለሁ። ወረቀቱ እንዴት ያምር ነበር! ግን ብዙዎቹ መልሶች ያለፈበት እትም ላይ ያሉ ነበሩ። ሁልጊዜ ከምድር ጦሩ የሕትመት ድረ ገጽ የቅርቡን እትም አውርዱ፣ ቀኑንም አረጋግጡ።

ከዚያ በመመዘኛው ራሳችሁን ገምግሙ። ሲቻል ከሌላ ሻምበል ሰው አምጡ። የራስን ክፍል የሚገመግም ሰው እጁ ለ«አለ» ምልክት ይፈጥናል።

ንብረቱ፣ ፊርማውና የሣጥኑ ሆድ

ብዙ ሻምበል የሚወድቀው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ቀስ እንበል።

ሰንሰለቱ እንዲህ ነው። የንብረት መዝገብ ሹሙ ለአዛዡ ያስረክባል፤ አዛዡ ይፈርማል። አዛዡ ለመቶ መሪዎች ያወርዳል፤ እነሱም ይፈርማሉ። ከነሱ ወደ ጓድ መሪ፣ ከጓድ መሪ ወደ ወታደሩ ይወርዳል። ታች ያሉት ፊርማዎች ሲደመሩ ላይ ካለው ጋር እኩል መምጣት አለባቸው። አዛዡ ለ12 የሌሊት መነጽር ፈርሞ ታች የተፈረመው 11 ከሆነ፣ አስራ ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሎ ቢታይም ገምጋሚ እንደ ስህተት ይይዘዋል። ዕቃው አለ፤ ግን በማን እጅ እንዳለ በፊርማ አይታወቅም። ስቶር ውስጥ የቀረውንም ቢሆን ሰፕላይ ሳጅኑ ይፈርምበት።

ይህ ቀላሉ ክፍል ነው። የሚያደክመው የሣጥኑ ሆድ ነው። የመካኒክ መሣሪያ ሣጥን መዝገብ ላይ «1» ተብሎ ይታያል። ቆጣሪው ሣጥኑን ያያል፣ «1 አለ» ይላል፣ ያልፋል። ውስጡ ግን መፍቻው፣ ፒንሳው፣ ካቻቢቴው እያንዳንዱ ይቆጠራል። ተሽከርካሪም እንዲሁ ነው። መኪናው ቆሟል፤ ክሪኩና የጎማ መፍቻውስ?

ተጓዳኝ ዕቃዎች ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው የዕቃው አካል የሆነው ነው። ሁለተኛው ዕቃውን ለማሠራት የግድ አብሮት የሚሰጠው። ሦስተኛው ተፈቅዶ ግን ግዴታ ያልሆነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከሌሉ ጉድለት ነው። ሦስተኛው ካለ ይመዘገባል፤ ባይኖር ማንም አይጠይቃችሁም። ይህን ሳይለዩ ግዴታ ያልሆነውን ሁሉ «ጎደለ» ብለው በጀት የሚጨርሱ ሞልተዋል።

አሠራሩ ይኸው። ለዕቃው የወጣውን የቴክኒክ መመሪያ የቅርብ እትም ያዙ። ዕቃውን ከሣጥኑ አውጥታችሁ ወለል ላይ ዘርጉ። መመሪያው ላይ ካለው ሥዕል ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ፤ በስም ብቻ አትሂዱ፣ ስሙ ተመሳሳይ የሆነ ሌላ ቁራጭ አለ። ያለውን በዝርዝሩ ላይ ሙሉ። የጎደለውን በጉድለት ዝርዝር አስፍሩ፣ እዘዙ፣ የትዕዛዙን ቁጥር ከጎኑ ጻፉ። ዝርዝሩ ላይ የመመሪያው ቁጥርና ቀን ይኑር። ቀኑ የቆየ ከሆነ የቆጠራችሁት ለሌላ እትም ነው ማለት ነው፤ ድገሙት። አዎ፣ ያናድዳል።

ጉድለት መኖሩ ብቻውን አይጥላችሁም። ሳይመዘገብና ሳይታዘዝ የቀረው ነው የሚጥላችሁ።

ሣጥን ሳያስከፍት «አምናችኋለሁ» ብሎ የፈረመ አንድ ወጣት የመቶ መሪ አውቃለሁ። ሊዛወር ሲል ሣጥኖቹ ተከፈቱ፤ ከዚያ ፍሊፕል መጣ። ይህ ለጠፋ ንብረት ማን እንደሚከፍል ለማወቅ በዲዲ ቅጽ 200 የሚካሄድ ምርመራ ነው። ቸልተኝነት ከተገኘ ብዙውን ጊዜ እስከ አንድ ወር መነሻ ደመወዝ ያስከፍላል። መተማመን ጥሩ ነው፤ ግን ሣጥኑ ተከፍቶ ይሁን።

ወርኃዊ ቆጠራ፣ ማህደርና ኮምፒውተር

ቆጠራ በየወሩ 10 በመቶ ማድረግ ይቻላል፤ በየሩብ ዓመቱ 25 በመቶም ይፈቀዳል። እኔ የወሩን እመርጣለሁ። የሩብ ዓመቱ ሁልጊዜ ከልምምድ ጋር ይጋጫል። የጦር መሣሪያ በየወሩ በተከታታይ ቁጥሩ ይቆጠራል። መሣሪያ ጠባቂው ራሱ አይቆጥርም፤ አንድ ሰውም ሁለት ወር ተከታትሎ አይቆጥርም። ገምጋሚ ይህን ለማየት ስሞቹን ብቻ ይገልጣል።

የፊርማ ካርዱን፣ ማለትም ዲኤ ቅጽ 1687ን፣ አዛዥ በተቀየረ ቁጥር አድሱ። በሌለ አዛዥ ፊርማ ዕቃ ሲወጣ መገኘት አሳፋሪ ነው።

ጂሲኤስኤስ-አርሚ በሚባለው የጦሩ የንብረት ሲስተም ላይ ያልተዘጉ ትዕዛዞችን በየሳምንቱ እዩ። የተሰረዘ ትዕዛዝ እንደታዘዘ ተቆጥሮ ጉድለት ዝርዝር ላይ ለወራት ይቀመጣል። ብዙ ሰፕላይ ሳጅን የራሱ ኤክሴል አለው። ለማስታወሻ ይሁን፤ ግን ሲስተሙና ኤክሴሉ ሲለያዩ ኤክሴሉን የሚያምን ሰው ዕቃውን ሄዶ ያላየ ነው።

ግድግዳ መቀባትና መደርደሪያ ላይ ያማረ ጽሑፍ መለጠፍ? ጊዜ ከተረፈ። አይተርፍም።

ገምጋሚዎቹ ሲመጡ

ዕጩነት ከሻለቃ ወደ ብርጌድ፣ ከዚያ ወደ ላይ ይጣራል። በመጨረሻው ዙር በአካል የሚመጡት ከኳርተርማስተር ትምህርት ቤት፣ ከቨርጂኒያው ፎርት ሊ ናቸው። 92ዋይ ያለፈ ሁሉ ቦታውን ያውቀዋል። ከ2023 እስከ 2025 ፎርት ግሬግ-አዳምስ ይባል ነበር፤ አንዱ ስም ራሳቸው ሎጂስቲክስ ውስጥ ያደጉት የሌተና ጄኔራል አርተር ግሬግ ነው። ያ ስም ባይሻር ደስ ይለኝ ነበር።

ሲጠይቋችሁ አትተርኩ፤ ሰነዱን ግለጡ። መልሱ ካልመጣላችሁ ደንቡን ከፍታችሁ ፈልጉ። መፈለግ መቻል ራሱ ነጥብ አለው፤ መገመት ግን ያጋልጣል። ሳጅኑ ብቻ አይመልስ። አዲሷ ፕራይቬት የራሷን ማህደር ከፍታ ስታስረዳ ክፍሉ በአንድ ሰው ላይ እንዳልቆመ ይታያል። እሷን ከወራት በፊት አለማምዷት።

የሰዎቹን ሜዳሊያ አትርሱ

ዋንጫው የሻምበሉ ነው፤ ለወታደሩ የግል መዝገብ ግን ብዙም አይጨምርለትም። ለዚህ የሜዳሊያ ማጩያው ዲኤ ቅጽ 638 አለ። የአርሚ አቺቭመንት ሜዳልን የሻለቃ አዛዥ ማጽደቅ ይችላል፤ ኮመንዴሽን ሜዳል ወደ ብርጌድ አዛዥ ይሄዳል። ውጤት እስኪመጣ አትጠብቁ፤ በመሃል ሰው ይዛወራል፣ አዛዥ ይቀየራል፣ ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ይቀራል። ስትጽፉ «ታታሪና ትጉህ ነው» የሚለውን ተዉት፤ ያ ሁሉም ላይ ይጻፋል። ስንት ሣጥን እንደቆጠረ፣ ስንት ዶላር የሚያወጣ ንብረት መዝገብ ላይ እንዳስተካከለ፣ ስንት ትዕዛዝ ተከታትሎ እንደዘጋ ጻፉ። ቁጥሩን ደግሞ ሥራው እየተሠራ ሳለ ያዙት፤ በመጨረሻው ሳምንት ማንም አያስታውሰውም።