የድሮ የጋዝ ምድጃን አሁን ባለው ኩሽና ውስጥ እንዴት መግጠም ይቻላል?

ከ1920ዎቹ እስከ 1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩት ባለ ኢናሜል የጋዝ ምድጃዎች በደንብ ከተያዙ ዛሬም ጥሩ አድርገው ያበስላሉ። ብዙዎቹ የሚያስቸግሩት በመበላሸታቸው ሳይሆን በአገጣጠማቸው ነው። የተሠሩት የጋዝ ግፊቱ ዝቅ ባለበት፣ ካቢኔትም ከምድጃ ጎን ባልተለጠፈበት ዘመን ነውና። ስለዚህ ኩሽናው ለምድጃው ይስተካከላል እንጂ ምድጃው ለኩሽናው ተብሎ አይቆረጥም። እግሩን አሳጥረን፣ የጎን ላሜራውን አውልቀን፣ ከኋላ ያለውን የጭስ መውጫ ደፍነን እንግጠመው የሚል ሠራተኛ ካጋጠመዎት ሌላ ይፈልጉ።

ልኬትና ክፍተት

ዛሬ ኩሽና ሲሠራ ለምድጃ የሚተወው ቦታ አብዛኛውን ጊዜ 60 ወይም 76 ሳንቲ ሜትር ነው። ከድሮዎቹ መካከል፣ በተለይ እንደ ኦኪፍ ኤንድ ሜሪት እና ዌጅዉድ ካሉት የአሜሪካ ምድጃዎች፣ 91 ወይም 102 ሳንቲ ሜትር የሚሆኑት ብዙ ናቸው። ስፋቱን ብቻ ለክቶ መግዛት የተለመደ ስህተት ነው። የኦቨኑ በር ተከፍቶ ወደ ፊት የሚወጣበትን ርዝመት፣ የማብሰያውን ከፍታ፣ የጋዝ መግቢያው በየትኛው ጎን እንደሆነ፣ ምድጃው የሚያልፍባቸውን በሮችና መተላለፊያዎችም ይለኩ።

አዳዲስ ምድጃዎች ከካቢኔት ጋር ተለጥፈው እንዲቆሙ ተፈትነው ይወጣሉ፤ የድሮዎቹ አብዛኞቹ ግን እንዲህ ዓይነት ፈተና አላለፉም። ኦቨኑ አንድ ሰዓት ሲሠራ የጎኑ ላሜራ እጅ የማያስነካ ይሆናል። በምድጃው ሰሌዳ ወይም በመመሪያው ላይ የተጻፈ ርቀት ካለ እሱን ይከተሉ። ከሌለ በሁለቱም ጎንና በጀርባ በኩል ከሚቃጠል ነገር 15 ሳንቲ ሜትር፣ ከማብሰያው ወደ ላይ ደግሞ እስከ እንጨት ካቢኔት 76 ሳንቲ ሜትር ይተዉ። ለ91 ሳንቲ ሜትር ምድጃ 121 ሳንቲ ሜትር ቦታ ያስፈልጋል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ አንድ ካቢኔት መነሣት ይኖርበታል።

ቦታ ሲጠብ እንጨቱ ላይ ሴራሚክ መለጠፍ መፍትሔ ይመስላል፤ አይደለም። ሴራሚኩ ራሱ አይቃጠልም፣ ሙቀቱን ግን ከኋላው ላለው እንጨት ያስተላልፋል። ለወራትና ለዓመታት ደጋግሞ የሚሞቅ እንጨት ደግሞ እየጠቆረና እየደረቀ ሄዶ መጀመሪያ ከነበረው ባነሰ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል። የሚሠራው መከላከያ ከግድግዳው 2.5 ሳንቲ ሜትር ተነጥሎ የሚቆም ላሜራ ነው፤ አየር እንዲዘዋወር ከላይም ከታችም ክፍት መሆን አለበት።

ወለልና ማጓጓዝ

እነዚህ ምድጃዎች ከ150 እስከ 250 ኪሎ ግራም ሊመዝኑ ይችላሉ፤ ክብደቱ በሙሉ የሚያርፈው በአራት ጠባብ እግሮች ላይ ነው። ሴራሚክ ወለል ከሆነ እግሮቹ የሚያርፉበትን ቦታ ያንኳኩ። ባዶ ድምፅ ከሰጠ ሥሩ አልተሞላምና ይሰነጠቃል። የእንጨት ወለል ከሆነ ተሸካሚ እንጨቶቹ በየት በኩል እንደሚያልፉ ይወቁ። በእያንዳንዱ እግር ሥር 10 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም ብረት ያስቀምጡ፤ ከዚያ በውሃ ልክ ያስተካክሉ።

ከማንሣትዎ በፊት በሮቹን፣ ፍርግርጎቹንና በርነሮቹን (እሳቱ የሚነድባቸውን ክፍሎች) አውልቀው ምልክት ያድርጉባቸው። ከፊት ለፊት ቫልቮቹ የተሰካኩበትን ቧንቧ ይዞ ማንሣት ፈጽሞ አይገባም። ቧንቧው ትንሽ ከጎበጠ ጋዝ ሊያፈስ ይችላል። ውስጡ ነጭ ወይም ግራጫ ቃጫ መሰል ሙቀት መከላከያ ካለ አስቤስቶስ ሊሆን ስለሚችል አይንኩት፣ አይጥረጉት። የሚያነሣው ለዚህ ሥራ የሠለጠነ ባለሙያ ነው።

ጋዙ

ሥራው የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። በብዙ ቦታ ሕጉ ይህን ክፍል ለፈቃድ ላለው ባለሙያ ብቻ ይተወዋል፤ ባለሙያው ግን የሚያውቀው አዲስ ምድጃ ብቻ ሊሆን ይችላልና ባለቤቱም ነገሩን ማወቅ አለበት።

መጀመሪያ ምድጃው ለየትኛው ጋዝ እንደተሠራ ይለዩ። ጥንታዊዎቹ የተሠሩት ከድንጋይ ከሰል ይወጣ ለነበረው የከተማ ጋዝ ሊሆን ይችላል። ያ ጋዝ በመጠን እኩል ከሆነ የተፈጥሮ ጋዝ ጋር ሲነጻጸር የሚሰጠው ሙቀት ግማሽ ያህል ስለሆነ የኖዝሎቹ (ጋዙን ወደ በርነር የሚረጩት ጫፎች) ቀዳዳ ሰፊ ነው። የሲሊንደር ጋዝ ደግሞ ከተፈጥሮ ጋዝ ሁለት ዕጥፍ ተኩል ያህል ሙቀት አለው። ለከተማ ጋዝ የተሠራ ምድጃ ላይ ሲሊንደር በቀጥታ ከተገጠመ እሳቱ ረጅምና ቢጫ ይሆናል፣ ድስቱን በጥቀርሻ ይሸፍናል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድም ያመነጫል።

ቀጥሎ ግፊቱ ይመጣል። ብዙ የድሮ ምድጃዎች የተሠሩት ለ10 ሚሊባር (የግፊት መለኪያ) አካባቢ ነው። ዛሬ ወደ ቤት የሚገባው የተፈጥሮ ጋዝ ከ17 እስከ 20 ሚሊባር፣ የሲሊንደር ጋዝ ደግሞ ከሬጉሌተሩ (የጋዙን ግፊት ከሚቀንሰው መሣሪያ) ሲወጣ ከ28 እስከ 37 ሚሊባር ይሆናል። ግፊቱ በዕጥፍ ሲያድግ በዚያው ቀዳዳ የሚያልፈው ጋዝ በ40 በመቶ ያህል ይጨምራል። ብዙዎቹ ምድጃዎች የራሳቸው ሬጉሌተር ስለሌላቸው በመግቢያው ላይ ለጋዙ ዓይነት የሚስማማ ሬጉሌተር መጨመር ያስፈልጋል። በሬጉሌተሩ ላይ ያለው ቀስት ጋዙ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይሁን። ግፊቱንም በማኖሜትር (በግፊት መለኪያ መሣሪያ)፣ አንድ በርነር ብቻ ሲበራና ሁሉም ሲበሩ ይለኩ። ሁሉም ሲበሩ በጣም ከወረደ ቧንቧው ጠቧል ማለት ነው።

ከዚያ ኖዝል። በአንዳንድ ምድጃዎች ላይ ኖዝሉ የሚዞር ቆብ አለው፤ ወደ ውስጥ ሲጠብቅ ጋዙ ይቀንሳል። እስኪቆም ድረስ በኃይል አያጥብቁት፣ የውስጡ መርፌ ቀዳዳውን ያበላሸዋል። የማይስተካከል ከሆነ ለጋዙ ዓይነት ትክክለኛ ቁጥር ያለውን አዲስ ይግጠሙ። ያለውን በእጅ መሰርሰሪያ ማስፋት ከአቋራጮች ሁሉ የከፋው ነው። የ1 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ 1.1 ከሆነ የሚወጣው ጋዝ በ21 በመቶ ያድጋል፤ በእጅ የተሰረሰረ ቀዳዳም ክብ አይሆንም።

ቫልቭ ሲጠነክር ውስጡ ያለው ሾጣጣ ናስ ቅባቱ ደርቆ ነው። አንድ በአንድ ይፍቱ። እያንዳንዱ ሾጣጣ ከራሱ ቤት ጋር አብሮ የተላገ ስለሆነ ከተቀላቀለ ጋዝ ያፈሳል። በብርጭቆ ወረቀት አይፈግፍጉት። ለጋዝ ቫልቭ ተብሎ የተሠራ፣ ሙቀት የሚችል ቅባት በስሱ ይቀቡ፣ ቀዳዳው ውስጥ እንዳይገባም ይጠንቀቁ። የመኪና ግሪስ ወይም የምግብ ዘይት ሙቀት ሲነካው ደርቆ ይጣበቃል።

ከድሮው ምድጃ ጋር የመጣውን የናስ ተጣጣፊ ቱቦ ይጣሉት። አዲስ፣ ለጋዝ የተፈቀደ የአይዝጌ ብረት ቱቦ ይግጠሙ፤ መዝጊያ ቫልቩም ምድጃው ሳይነሣ እጅ የሚደርስበት ቦታ ይሁን። ለጋዝ የሚሆነው ቴፍሎን (ፍሳሽ መከላከያ ቴፕ) የሚጠቀለለው ሾጣጣ ጥርስ ላይ ብቻ ነው። አፉ ተዘርግቶ በዳዶ የሚጠብቀው መገጣጠሚያ ምንም አይፈልግም። ፍሳሽ የሚፈተነው በሳሙና አረፋ ነው፤ በክብሪት በጭራሽ።

እሳቱን ማስተካከል

ጤናማ እሳት ሰማያዊ ሆኖ ውስጡ የጠራ ሾጣጣ ይታይበታል። ጫፉ ቢጫ ከሆነ የአየር መክደኛውን (ከጋዙ ጋር የሚቀላቀለውን አየር የሚወስነውን) ይክፈቱ፤ እሳቱ ከበርነሩ ተነሥቶ እያጉረመረመ ከሆነ አየሩን ይቀንሱ። የኦቨኑን እሳት በሩን ዘግተው በመመልከቻው ቀዳዳ ይዩት። በሩ ሲከፈት ሰማያዊ፣ ሲዘጋ ቢጫ የሚሆን ከሆነ የጭስ መውጫው ተዘግቷል።

ብዙዎቹ ምድጃዎች ፓይለት (ሁልጊዜ እየነደደ በርነሩን የሚያቀጣጥለው ትንሽ እሳት) ሲጠፋ ጋዙን የሚዘጋ መሣሪያ የላቸውም። ቢያንስ ለኦቨኑ ቴርሞኮፕል (የፓይለቱን ሙቀት የሚያውቅ ዘንግ) ያለው የደኅንነት ቫልቭ ሳይገጠም ምድጃው ሥራ ላይ መዋል የለበትም። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሳይነድ ከወጣ ወለል ላይ ይተኛል፤ የኦቨን ፓይለት ደግሞ ያለው እዚያው ወለል አጠገብ ነው። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያም ይግጠሙ። ሰዓትና መብራት ካለው በጨርቅ የተሸፈነውን ሽቦ በሙሉ በአዲስ ይቀይሩ፣ አካሉንም ከመሬት መስመር ጋር ያገናኙ።

የኦቨኑን ቁጥር በቀጥታ አይመኑ። 180 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ አድርገው ግማሽ ሰዓት ያቆዩትና በተለየ ቴርሞሜትር ያመሳክሩ። በዚያ የመጀመሪያ ሙቀት የቆየ ዘይትና የጽዳት ፈሳሽ ይጨሳል፤ መስኮት ይከፈት። ምድጃው ሞቆ ከበረደ በኋላ መገጣጠሚያዎቹ ትንሽ ሊላሉ ስለሚችሉ ሁሉንም እንደገና በሳሙና አረፋ ይፈትሹ።